ውሃ ሁሉ ሁሉቃ አይደለም

ካሽ፣ ቱርክ
ሚያዝያ 6 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለኦቦ ጀቤሳ፣ አምቦ።

አካም ጅርቱ አባዬ! ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷን አሁንም ያማታል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደኅና ነኝ። መልሴ ስለ ዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከዩኒቨርሲቲው ወደዚህች የወደብ ከተማ ከተዛወርን ወዲህ ፖስታ ቤቱን ለማግኘት እንኳ ጊዜ ወስዶብኛል።

ለጥያቄዎ መልሱ አጭር ነው። ቅርስ ጥበቃ ልማር መጥቼ ከባሕር ጋር የተገናኘሁት ቅርሱ ያለው ባሕር ውስጥ ስለሆነ ነው። ከወደቡ በጀልባ ጥቂት እንደ ሄድን ዛፍ የሌላት ድንጋያማ ደሴት አለች። የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ አንድ የንግድ መርከብ እሷን ገጭቶ ሰጠመ። እንጨቱን ባሕሩ በልቶታል። ጭነቱ ግን እስከ ዛሬ አለ፤ ባለ ሁለት ጆሮ እንስራዎች አንዱ ባንዱ ላይ ተደግፈው ተኝተዋል። ሲያዩዋቸው የቅዳሜ ገበያ ሸክላ ሻጮች ትተዋቸው ምሳ የሄዱ ነው የሚመስሉት።

ይህን ያየሁት ወርጄ እንዳይመስልዎ። ከላይ ተንሳፍፌ፣ ፊቴን ነክሬ፣ በቱቦ እየተነፈስኩ ነው። ውሃው ጥርት ያለ ስለሆነ ያን ያህል ጥልቅ ሆኖ እንኳ ይታያል።

ቃሌን አልረሳሁም። አውቶቡስ ተራ ስንሰነባበት «ገንዳ ውስጥ ተማሪ፤ ባሕር ግን ሳልመርቅሽ እንዳትወርጂ» ብለውኛል። የገንዳውን ትምህርት ጨርሼ ምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ። የአየር ሲሊንደር ተሸክሜ፣ የእርሳስ ቀበቶ ታጥቄ መውረድና መውጣት እችላለሁ። አሁን የቀረኝ የእርስዎ አፍ ብቻ ነው። የቡድናችን መሪ ወይዘሮ ኔርሚን የባሕሩ ወቅት እስኪዘጋ፣ እስከ መስከረም ሃያ፣ እንደምትታገሠኝ ነግራኛለች። እስከዚያ ካልወረድኩ ቦታዬን ለሌላ ተማሪ ትሰጥና እኔ ከሥር የወጣውን እንስራ ከሚያጥቡት ጋር እቀራለሁ። እጥበቱንም አልጠላውም። ግን አባዬ፣ እኔ የመጣሁት ለመውረድ ነው።

እማዬን ሳሙልኝ።

ልጅዎ ቢሊሴ


አምቦ
ግንቦት 4 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለቢሊሴ።

ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ እንደምን አለሽልኝ? እኛ ደኅና ነን። እናትሽ ድንቅቱ ጉልበቷን እንደ ጠየቅሽ ስለ ሰማች ብቻ ሰሞኑን አላነከሰችም። ደብዳቤሽን ከሳጥናችን አውጥቼ እዚያው ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። የፊደል ስሕተት አለው፤ ናፍቆት ይዞኝ በቀይ ሳልነካው አለፍኩት።

ደግሞ ሜዲትራኒያንን እኔን ታስተምሪኛለሽ? ጂኦግራፊ ሳስተምር ዕድሜዬን ሙሉ በሰማያዊ ጠመኔ ስስለው ነው የኖርኩት። ጣሊያንን ዓይኔን ጨፍኜ አወጣታለሁ። ከሥሩ ምን አለ ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ ግን አንድም ቀን አልነበረም። ቢጠይቀኝም «ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም» ብዬ አስቀምጠው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ልጄ፣ አልከለከልኩሽም። አፌ ግን እሺ አላለኝም። ወንድምሽ ኤቢሳ ለፈተና ሲቀመጥ የመረቅኩት ደብተሩን አገላብጬ ነው። ይህ ቤት ሲሠራም መሠረቱን በእግሬ ረግጬ ነው የመረቅኩት። የማላውቀውን ነገር ብመርቅ የአፍ ማሟሻ ይሆናል፤ እግዜርም ይታዘበኛል።

የምፈራውንም አንቺ ታውቂያለሽ። ታናሽ ወንድሜ ሚልኬሳ የሁሉቃን ወንዝ ሲሻገር የክረምት ጎርፍ ሲወስደው እኔ ዳር ቆሜ ነበር። ዋና አልችልም። ጮህኩ፤ ከመጮህ በቀር ያደረግኩት ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ ስለ ውሃ ሲወራ የራሴ ጩኸት ነው የሚሰማኝ።

እስቲ ከሥር ምን እንደሚመስል ጻፊልኝ። እንዴት እንደምትተነፍሺ፣ ማን አብሮሽ እንደሚሆን፣ አንድ ነገር ቢፈጠር ማን እንደሚያይሽ። አንቺ እየጻፍሽ ቆዪ፣ እኔም እያሰብኩ እቆያለሁ። ስልኩን ግን ለሰላምታ ብቻ እናድርገው። በስልክ የጠየቁኝን ሁሉ እሺ እንደምል ታውቂያለሽ፤ ባለፈው ዓመት የማላውቀው ሰው ሰርግ ኮሚቴ ሰብሳቢ የሆንኩት በስልክ ነው።

አባትሽ ጀቤሳ


ካሽ
ሰኔ 2 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ።

ናጋ አባዬ? እናንተ ዘንድ ክረምቱ እንዴት ገባ? እዚህ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ስለ ሚልኬሳ እንዲህ በዝርዝር ጽፈውልኝ አያውቁም ነበር። ደብዳቤውን ሁለቴ አነበብኩት፤ በጣም አዘንኩ። ስለ ነገሩኝ ገለቶማ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

አሁን የጠየቁኝን በተራ ልመልስ። ብቻውን የሚወርድ ሰው የለም። እያንዳንዱ ጠላቂ ጥንድ አለው፤ ጥንዶች እርስ በርስ ከሚተያዩበት ርቀት አይወጡም። የአንዱ አየር ቢጎድል ከሌላው ሲሊንደር ይተነፍሳል። የእኔ ጥንድ የምትሆነው ራሷ ኔርሚን ናት። ሽበታም ናት፤ እንደ እርስዎ ቁጡ፣ እንደ እርስዎ ሰው አክባሪ። ላይ ደግሞ ካፒቴን ሂክሜት ሰዓቱን ይዞ ይጠብቃል። ያልወጣ ሰው እያለ ሻይ እንኳ አይጠጣም፤ ለቱርክ ሰው ይህ ትልቅ መሥዋዕትነት ነው።

ከውሃ በታች መጀመሪያ አየር የሳብኩ ዕለት ሳቄ መጣ፤ ስስቅ መነጽሬ ውስጥ ውሃ ገባ። ገንዳ ውስጥ መሆኑ ነው፤ አይደንግጡ! እዚያ ወሬ የለም፣ ሁሉም በእጅ ነው። ኔርሚን «እንዴት ነሽ?» ብላ በምልክት ስትጠይቀኝ አውራ ጣቴን ቀስሬ «በጣም ጥሩ!» አልኳት። ክንዴን ይዛ ወደ ላይ አወጣችኝ። እንደገና ወረድን፣ እንደገና ጠየቀችኝ። እኔም ደስታዬን ለመግለጽ ሁለቱንም አውራ ጣቶቼን ቀሰርኩ፤ ይባስ ብላ በፍጥነት አወጣችኝ። ለካ በጠላቂዎች ዘንድ ያ ምልክት «አውጡኝ» ማለት ነው። ስንት ጊዜ ወርጄ ስንት ጊዜ እንደ ወጣሁ እግዜር ይወቀው። ኔርሚን ልጅቷ ውሃ አይሆንላትም ብላ ወደ ቤቷ ልትሸኘኝ ደርሳ ነበር።

የባሕሩን ነገር ከላይ ያየሁትን ብቻ ልንገርዎ። ከደሴቲቱ ሥር ቋጥኙ በእርከን በእርከን ይወርዳል። በየእርከኑ ዓሣው ይርመሰመሳል። ከዚያ ወዲያ የባሕር ሣር ነው፤ ልክ ነፋስ እንደ ነካው የጤፍ ማሳ ይተኛል፣ ይነሣል። ከሣሩ አልፎ እንስራዎቹ አሉ። ኔርሚን እንደምትለው አንዱ እንስራ ውስጥ ኦክቶፐስ ገብቶ፣ አፉን በጠጠርና በገል ዘግቶ ይኖራል። ልትለካው ስትቀርብ አንድ እጁን አውጥቶ ሜትሩን ነጠቃት።

ምርቃቱን በዚህ ደብዳቤ አልጠይቅዎትም። አልጠየቀችም ማለት ግን ተወችው ማለት እንዳይመስልዎ።

ልጅዎ ቢሊሴ


አምቦ
ሐምሌ 3 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለቢሊሴ።

ልጄ፣ እንደምን አለሽ? ስላስደነገጥኩሽ ይቅር በይኝ። በማለዳ ደውዬ «ማነሽ?» ብቻ ብዬሽ፣ ከኋላዬ ልቅሶና እልልታ ተደባልቆ እየሰማሽ ስልኩ መቋረጡን አውቃለሁ። እናትሽ በማግሥቱ «ምንም አይደለም፣ አባትሽ በደብዳቤ ይነግርሻል» ያለችሽ አፍራ ነው። ከሷ ይልቅ እኔ ባፍር ይሻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጸሎት ሰዓት ተነሥቼ «ልጄ በሜዲትራኒያን ባሕር…» ብዬ እንደ ጀመርኩ እንባዬ ቀደመኝና ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ተቀመጥኩ። አስቢው፣ የሰው ልጅ ሁሉ «ዓረፍተ ነገር ጨርስ!» እያልኩ የኖርኩ ሰው! ሽማግሌው ሥዩም «እንጸልይ» አለ፤ ተጸለየ። እኔም ቀለል ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። ለካ ቀደም ብዬ ለሥዩም ስለ ሥራሽ ሳጫውተው «መርከቡ ሰጥሟል» ብዬው ኖሯል። መቼ እንደ ሰጠመ መናገሩን ረስቼዋለሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሳምንት እንደ ሚኒስትር ነው ያሳለፍኩት። ጎረቤቶች እናትሽን ቅጠል እንኳ አላስነሣ አሏት። ገበያ ስወጣ ሰዉ መንገድ ይለቅልኛል፤ ሰላም ስለው ግን ዓይኔን አያየኝም። አብራኝ ያስተማረችው የስፖርት መምህርቷ አሰፋሽ፣ ሳትተርበኝ ውላ የማታውቀዋ፣ ዝም ብላ አቅፋኝ አለፈች። «ጡረታ እንዲህ ያስከብራል እንዴ?» አልኳት እናትሽን።

ከተማው ሁሉ መርዶሽን ይዞ ነበር የሚዞረው! ጀቤሳ መርከቡ መስጠሙን ሰምቷል፣ መሞቷን ግን አልሰማም፤ ዘመድ ይሰብሰብና በወጉ በማለዳ ይነገረው ተብሎ ተወስኗል። ሐሙስ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ብከፍተው ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቋል። እኔ የመጣልኝ አንድ ነገር ነው፤ እንጭኒ ያለችው እህቴ ፋንቱ ሞታለች! «ወይኔ ፋንቱዬ!» ብዬ ደረቴን ስመታ፣ ከሰዉ መሐል ፋንቱ ራሷ «አቤት!» አለችኝ።

ያኔ ሥዩም ጉሮሮውን ጠርጎ «እንግዲህ ጀቤሳ፣ ስለ ቢሊሴ በርታ…» ብሎ ሲጀምር እናትሽ ከጓዳ ወጣች። «ቢሊሴ? ትናንት ማታ ዓሣ እየጠበሰች ስታዋራኝ የነበረችው ቢሊሴ?» ብላ ስልኩን እጄ ላይ ወረወረችው። ያን ጊዜ ነው የደወልኩልሽ። «ቢሊሴ ነኛ አባዬ፣ ምን ሆኑ?» ስትዪ ድምፅሽን ግቢው ሁሉ ሰማ። ስልኩ ከእጄ ወደቀ። ሥዩም እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ለልቅሶ የተቀቀለው ንፍሮ ለደስታ ተበላ፤ ከእንጭኒ የመጡት ዘመዶቻችንም መጥተን በባዶ አንመለስም ብለው ሦስት ቀን ሰነበቱ።

ንፍሮው ሲበላ ታዲያ ስለ ሥራሽ አስረዱን አሉ። ከሰል አንሥቼ የግቢውን ግንብ ሜዲትራኒያን አደረግኩት። መርከቡን፣ ደሴቲቱን፣ እንስራውን፣ የአየሩን ሲሊንደር፣ ጥንድሽን፣ ሻይ የማይጠጣውን ካፒቴን ሁሉ ነገርኳቸው። እንዴት ያለ ኩራት እንደ ተሰማኝ ልነግርሽ አልችልም። ስጨርስ ፋንቱ «ታዲያ መርቀሃታል?» አለችኝ።

ወደ ግንቡ ዞሬ ደሴቲቱን እንደገና ማድመቅ ጀመርኩ።

«ጀቤሳ» አለችኝ፣ «የመጣንበት ነገር እውነት ሆኖ ቢሆን ኖሮ፣ ልጅህ አፍህን ስትጠብቅ ሄደች ማለት ነበር።»

ልጄ፣ ከሚልኬሳ በኋላ እንዲህ ያመመኝ ነገር የለም። «ከውሃ በታች ያለውን አላውቀውም፤ የማላውቀውን እንዴት ልመርቅ?» አልኩ። አሰፋሽ ንፍሮዋን እያኘከች «አምቦ ተቀምጠህ ውሃ አጣህ እንዴ?» አለችኝ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

አባትሽ ጀቤሳ


ካሽ
ሐምሌ 29 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ።

አባዬ፣ የሞትኩት እኔ ቢሊሴ ለጤናዎ እንደምን አሉ እላለሁ! ደብዳቤዎን ጀልባው ላይ አንብቤ ስስቅ የእጥበት ውሃውን ደፋሁት። ለኔርሚን እየተረጎምኩ ነገርኳት፤ አክስቴ «አቤት!» ያለችው ጋ ስደርስ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ለአክስቴ ለፋንቱ «አቤት» የምትለው ዕድሜ ይስጥልኝ።

ሳቄ ሲያልቅ ግን አለቀስኩ። አክስቴ የተናገረችውን ባትናገረው ይሻል ነበር። እርስዎን ለማሳመም አይደለም እኔ የምጠብቀው። ከእርስዎ አፍ ሳይወጣ የጀመርኩት ነገር ስለሌለ ነው፤ ያለሱ ብወርድ ራሴን ላይ ትቼ የወረድኩ ነው የሚመስለኝ።

ያሉበት ሁኔታ ከእማዬ ስልክ ትንሽ ሾልኮ ደርሶኛል። «አባትሽ ፎጣ ገዛ» አለችና አፏን ያዘች። ምንም አልጠይቅም። ግን የማስበውን ነገር ሊያደርጉ ከሆነ ብቻዎን አይሁኑ፤ ውሃው ደረትዎ ሲደርስ ትንፋሽ ይከብዳል፣ አይደንግጡ፣ ያልፋል። አፍዎን ሳይሆን ዓይንዎን ይክፈቱ።

የእኔ ነገር እንዳለ ነው። ኔርሚን የመጥለቂያ ልብሱን ለሌላዋ ተማሪ አስለክታዋለች። ልኳ አልሆነም፣ ሰፋት፣ ተመስገን፤ ልብስ ግን ሊጠብ ይችላል። የቀረኝ መስከረም ነው።

ልጅዎ ቢሊሴ


አምቦ
ነሐሴ 24 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለቢሊሴ።

ኢንተላ ኮ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ዝምታዬ ስለ በዛ አትቀየሚኝ። ልጽፍልሽ የምችለው ነገር እስካገኝ ነው የቆየሁት።

አሰፋሽ ወደ ፍል ውሃው መዋኛ ወሰደችኝ። ፊሽካዋን በአንገቷ አንጠልጥላ መጣች፤ ጡረታ የወጣች አይመስላትም። እናትሽም «ሁለታችሁ ብቻችሁን ቁምጣ ለብሳችሁ ከተማ አትዞሩም» ብላ ፎጣ ይዛ ዳር ተቀመጠች። ስገባ ያስተማርኳቸው ሰዎች ዛሬ ትልልቅ የቢሮ ሰዎች ሆነው ሲዋኙ አገኘኋቸው። «ቲቸር! ካርታውን አመጡት?» እያሉ ተንጫጩ። ከፊታቸው በዚያ ቀጭን እግሬ ማለፍ ከሞት አያንስም።

የመጀመሪያው ቀን ጉልበቴ ድረስ ገብቼ ወጣሁ። በሁለተኛው ቀን ደረቴ ድረስ፤ ትንፋሽ ይከብዳል ያልሽው ልክ ነው። የመዋኛውን ዳር ብረት አልለቅም ብዬ አሰፋሽ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈልቅቃ አላቀቀችኝ። ሰድቤያታለሁ፤ ከቤተ ክርስቲያን ሰው አፍ የማይወጣ ስድብ ነበር። እሷ ፊሽካዋን ነፋች። እንዲህ እያልን ሳምንታት አለፉ። ሰው ሁሉ ወሬውን ሰምቶ ሥዩም ራሱ ሊያይ መጣ፤ መርዶ ነጋሪው ዳር ቆሞ ሲያየኝ ደስ አላለኝም።

ባለፈው ማክሰኞ ዝናብ ይጥላል። ውሃው ለብ ያለ ነው፣ ላዩ ይጨሳል። አሰፋሽ «አሁን» አለችኝ። አፌን ዘግቼ ገባሁ። ሙሉ በሙሉ፣ እስከ አናቴ። ዓይኔንም ከፈትኩ።

ልጄ፣ ጸጥታ ነው። ያ ሁሉ ጩኸት ያለ መስሎኝ ስሸሸው የኖርኩት፣ ጸጥታ ነው። ብርሃን አለ። እጄ ይታየኛል፣ የእጄ ሽበት ሳይቀር። የዝናቡ ጠብታ ላይ ሲመታ ከሥር አየሁት። ዕድሜዬን ሁሉ ዝናብ ከላይ ሲወርድ ነው የማውቀው፤ ከሥር ሆኜ ሳየው ልቤ በደስታ ሊወጣ ምንም አልቀረው። ሚልኬሳን አሰብኩት። ሁሉቃ ያን ዕለት ደፍርሶ ነበር፣ ግንድ ይዞ ነበር፣ ያ ሌላ ነው። አንዱን ወንዝ ፈርቼ የዓለምን ውሃ ሁሉ ስከስ ኖሬያለሁ። ውሃ ሁሉ ሁሉቃ አይደለም። ስወጣ አለቀስኩ፤ ዝናቡ ሸፈነልኝ መሰለኝ፣ እናትሽ ግን አውቃብኛለች። ፎጣውን አናቴ ላይ ጣለችና ያዘችኝ።

እና አሁን አውቄዋለሁ። እዚያው በአፌ የመረቅኩሽ በኦሮምኛ ነው፤ በወረቀት ግን እጄ በለመደው በአማርኛ ልጻፈው። አንድ ነገር ብቻ ቅር ይለኛል። የሚመረቅ ሰው አሜን ማለት አለበት፤ አብሮ የቆመውም አሜን ማለት አለበት። ያለ አሜን ምርቃት በአየር ላይ ይቀራል። ወረቀት ደግሞ አሜን አይልም። እንግዲህ በየመስመሩ ቦታ ትቼልሻለሁ፤ የቻልሽውን አድርጊ።

ውሃው ይጥራልሽ።

ትንፋሽሽ አይጠርብሽ፤ ከሥር የሳብሽው ከላይ እንደ ሳብሽው ይቅለልሽ።

ጥንድሽ ከዓይንሽ አትራቅ፤ አንቺም ከዓይኗ አትራቂ።

የወረድሽበት ይብራ፤ የወጣሽበት ይሙቅ።

እጅሽ የነካው አይሰበር፤ የሠሩት ሰዎች እጅ ይባረክ።

በዚያ መርከብ ወጥተው ቤታቸው ያልገቡትን እግዜር ያሳርፍ፤ አንቺን ግን ቤትሽ ያግባሽ።

ከሥር ስትወጪ ስምሽን የሚጠራ ሰው አይጥፋ።

ሂጂ ልጄ። ውረጂ።

አባትሽ ጀቤሳ


ካሽ
መስከረም 16 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ ለኦቦ ጀቤሳ፣ አምቦ።

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ! አካም ጅርቱ አባዬ? እማዬስ? አሰፋሽስ? እጇን ስሙልኝ፣ ፊሽካዋንም ጭምር።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ወቅቱ ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ፖስተኛው ወደቡ ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ፣ ጀልባዋ ልትነሣ ስትል። ቆሜ አነበብኩት። ስለ ዝናቡ የጻፉት ጋ ስደርስ መቀጠል አቃተኝ፤ ኔርሚን የሞተ ሰው ያለ መስሏት ሮጣ መጣች። «አባቴ ወረደ» አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ደሴቲቱ ጋ ደርሰን ልብሱን ለበስኩ። ከዚያ ቡድኑን ሁሉ አንድ ጊዜ ስሙኝ አልኩ። አባቴ መርቆኛል፣ የሚያነብ እኔ ነኝ፣ አሜን የሚል ግን ሰው እፈልጋለሁ አልኳቸው። «አይገባችሁም፤ ዝም ስል ብቻ አሜን በሉ።» ካፒቴን ሂክሜት ኮፍያውን አውልቆ ሁለት መዳፉን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ሌሎቹም ሲያዩት ዘረጉ። አነበብኩ፤ በአማርኛ፣ እርስዎ በሚሉበት ድምፅ። ውሃው ይጥራልሽ ብዬ ዝም ስል «አሚን!» አለ የጀልባው ሰው ሁሉ። አባዬ፣ የእኛው አሜን ነው፤ ትንሽ ነው የሚለየው! የባሕር ሰው ድምፁ ወፍራም ነው፤ ከደሴቲቱ ቋጥኝ ላይ ወፎች ተነሡ። በየመስመሩ አሚን፣ አሚን። ቤታቸው ያልገቡት የሚለውን ካፒቴኑ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። እሱን አንድ ጊዜ ድገሚው አለኝ፤ ደገምኩት፤ የእሱ አሚን ከሁሉም ዘገየ።

ከዚያ ወረድኩ። ኔርሚን ከጎኔ ነበረች። የባሕሩን ሣር አልፌ፣ ከላይ ስመኛቸው የነበሩትን እንስራዎች በአጠገባቸው ሄድኩ። አንዱ አንገት ላይ ሸክላ ሠሪው በጣቱ የጫረው መስመር አለ፤ ሳይደርቅ የጫረው ነው። አልነካሁትም። አየሁት ብቻ። ወደ ላይ ሳይ የጀልባዋ ሥር እንደ ቅጠል ይታየኛል፤ የእኔ ትንፋሽ አረፋ ሆኖ ወደሷ ይወጣል። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሲበዛ ደስ ብሎኝ ኔርሚን ኋላ ላይ «አየርሽን በሳቅ ጨረስሽው» ብላ ተቆጣችኝ። ስወጣ ከላይ ስሜን የጠሩኝ አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው፤ አንዳቸውም በትክክል አልጠሩትም።

ቦታዬ የእኔ ሆኗል። ለሚቀጥለው ወቅትም ተመዝግቤያለሁ።

አንድ ነገር ግን ላስታውቅዎ፤ ከአሁን በኋላ ሥራ በዝቶብዎታል። በማግሥቱ ጠዋት ሁሉም ልብሱን ለብሶ፣ ሲሊንደሩን ተሸክሞ ጠርዝ ላይ ተደርድሯል፤ የሚዘል ግን ጠፋ። ምን ሆናችሁ ብዬ ዞር ስል፣ ካፒቴን ሂክሜት ኮፍያውን በእጁ ይዞ እኔን ያየኛል።

«አባትሽስ?» አለኝ።

ወረቀቱን አወጣሁ።

ልጅዎ ቢሊሴ